የራያን ድርቅ በሰማይ አታሳብቡ

በራያ ቆላ ማሽላ በደረቀ ቁጥር የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል የሚወጣው ሪፖርት ሁሉ «በአየር ንብረት ለውጥ ሳቢያ በደረሰው የዝናብ እጥረት» ብሎ ይጀምራል። አዲስ አበባ ሲደርስ ይኸው ሐረግ የጉባኤ ንግግር ይሆናል፤ ባሕር ሲሻገር ደግሞ የእርዳታ መጠየቂያ። ማንንም ስለማያስቀይም ሁሉም ተቀብሎታል። ባለሥልጣኑ አይጠየቅበትም፤ ለጋሹ አይከራከርበትም፤ ጋዜጠኛው ከዚያ አልፎ እንዲመረምር አይገደድበትም። ገበሬውም ቢሆን ቀና ብሎ ሰማዩን ያይና «የእርሱ ሥራ ነው» ብሎ ይቀመጣል።

እኔ ይህን አልቀበልም። ጎብዬን፣ ሮቢትንና ቆቦን የያዘው ሜዳ ከዝናብ እጥረት ጋር ሲኖር ዛሬ የመጀመሪያው አይደለም። ዝናብ አጥሮትም ሲያርስ፣ ሲያመርት፣ ልጅ ሲያሳድግ የኖረ አገር ነው። ዛሬ ማሽላውን የሚያደርቀው፣ ሽንኩርቱን በቡቃያው የሚያስቀረው፣ ወጣቱን በአፋር በረሃ አቋርጦ ወደ ጅቡቲና ወደ ሳውዲ የሚያሰድደው ከሰማይ የቀረው ውሃ ብቻ አይደለም። ከእግራችን በታች ተኝቶ ሳለ የሚያወጣው ያጣ ውሃም አለበት። ያን ውሃ የሚያወጣው ኮረንቲ ነው። ኮረንቲው አገር ውስጥ አለ። የራያ ገበሬ ማሳ ድረስ ግን ወይ አይደርስም፣ ወይ ደርሶ አይታመንም።

«የአየር ንብረት ለውጥ የሚባል ነገር የለም» የሚል ሰው እዚህ ጽሑፍ ውስጥ መደገፊያ አይፈልግ። ምድር ሞቃለች። በአውሮፓውያኑ 2024 የዓለም አማካይ ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ተመዝግቧል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኞ ድርቅ በአገሪቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ለእርዳታ ዳርጓል። የቆቦ ገበሬ በሚያዝያ ይዘራቸው የነበሩትን ጅጉርቲና ደጋሌት የተባሉ የማሽላ ዘሮች እየተወ በሐምሌ ወደሚዘራ ቶሎ ደራሽ ዘር የዞረው በልጉ አልታመን ስላለው ነው። ይህን ጣጣ ያመጡት በድንጋይ ከሰልና በነዳጅ የበለጸጉት አገሮች ናቸው፤ ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትለቀው ጭስ ከዓለም አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ካሳ ይገባናል፤ ሊከፍሉም ግድ ነው። በዚህ ሁሉ እስማማለሁ። የምጣላው ከዚህ እውነት ተነስቶ «እንግዲህ ምን እናድርግ፣ ከአቅማችን በላይ ነው» ወደሚለው መደምደሚያ ከሚንሸራተተው አስተሳሰብ ጋር ነው።

ሜዳውን ጠጋ ብለን እንየው። በምዕራብ የላስታ ደጋ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመው በመሐላቸው የወደቀ ሸለቆ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ያጋዘው ጠጠር፣ አሸዋና ደለል ለብዙ ሺህ ዓመታት ተደራርቦ ሸለቆውን ሞልቶታል። ውሃ የሚተኛው በዚያ ጠጠርና አሸዋ ውስጥ ነው። በዓመት የሚዘንበው ከ600 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ወርዶ ያበቃል። በእነዚህ ሁለት ወራት የጎሊናና የሆርማት ወንዞች እያገሱ ይመጣሉ፤ ድንጋይ ያንከባልላሉ፤ ማሳ ይበላሉ፤ ከዚያም ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ። ጥቅምት ላይ እዚያው ወንዝ ውስጥ የሚቀረው ነጭ አሸዋ ነው።

አባቶቻችን ይህን ጠባዩን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጎርፍ ጠለፋ ብለው በድንጋይ፣ በአፈርና በእሾህ ክትር የወንዙን አፍ እየመለሱ ወደ ማሳ ያስገቡታል። ተራ ይጠብቃሉ። ከላይ ያለው ከታች ያለውን እንዳይበድል የሚዳኝ የውሃ አባት ይመርጣሉ። ጎብዬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ በዘነበ ጎርፍ ማሽላ የሚያበቅል ሕዝብ ነው። የዚህ አገር ጥያቄ ከጥንትም «ስንት ዘነበ?» ብቻ አልነበረም፤ «የዘነበውን ማን ያዘው?» የሚለውም ነበረበት። ዛሬ በየሪፖርቱ የዝናቡ መጠን ይጻፋል፤ ሁለተኛው ጥያቄ ግን ከነአካቴው ተረስቷል።

የከርሰ ምድሩ ውሃም ድብቅ ሆኖ አያውቅም። የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም በ1990ዎቹ ሥራ ጀምሮ ጥልቅ ጉድጓዶች አስቆፍሯል፣ የኤሌክትሪክ ፓምፕ አስተክሏል፣ የጠብታና የርጭት መስኖ ዘርግቷል። ውሃው ተጠንቷል። ገበሬው ቱቦውን ማጽዳት፣ ቫልቩን በተራ መክፈት፣ ሽንኩርት በመስመር መትከል ተምሯል። በዓመት አንዴ ያውም ከተሳካ የሚታረሰው መሬት በበጋ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ጤፍና በቆሎ ሰጥቷል። ይህ እንደሚቻል በማሳ ላይ ከታየ ሃያ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ዛሬ «ድርቅን የሚቋቋም አሠራር እናጠናለን» ተብሎ አዲስ ፕሮጀክት ሲጻፍ በግሌ እናደዳለሁ። የቀረው ጥናቱ አይደለም፤ የተጠናውን ቀጥ አድርጎ ማሠራት ነው።

ለዚህ ምን ያህል ኃይል ይበቃል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ፓምፕ በሰከንድ 40 ሊትር ውሃ ከ60 ሜትር ጥልቀት እንዲያወጣ የሞተሩና የፓምፑ ብክነት ተደምሮበት 40 ኪሎ ዋት ገደማ ይበቃዋል። እንዲህ ያሉ መቶ ፓምፖች ባንድ ጊዜ ቢነሱ 4 ሜጋ ዋት ይፈልጋሉ። የታላቁ ሕዳሴ ግድብ የማመንጨት አቅም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። የግድቡ አንድ ሺህኛ እጅ ከ5 ሜጋ ዋት ይበልጣል ማለት ነው። የመቶ ጉድጓድ ውሃ ወደ ላይ ለመሳብ ያ አንድ ሺህኛው እንኳ ተርፎ ይቀራል። ከአሥራ ሦስቱ ተርባይኖች የአንዱ አቅም ብቻ የቆቦን ሸለቆ ሌሊትና ቀን አጠጥቶ ለሌላ አገር ይበቃል።

ግድቡን ማንም እንዲያቃልልብኝ አልፈልግም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ የራያ ገበሬ በሬ ሸጦ ቦንድ ገዝቷል፤ አስተማሪው የወር ደመወዙን ሰጥቷል፤ እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተዋል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የተሰማን ኩራት እውነተኛ ነበር። እንግዲህ ያ ገንዘብ የሰጠ ሰው ማሳው ላይ ኮረንቲ ሲጠይቅ «አገራችን የአረንጓዴ ኃይል ተምሳሌት ናት» የሚል መልስ አይገባውም። የሚገባው መልስ ምሰሶ፣ ሽቦና ትራንስፎርመር ነው።

የብሔራዊ ኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም. ይፋ ሲደረግ በአውሮፓውያኑ 2025 መላው የኢትዮጵያ ሕዝብ የኤሌክትሪክ ተጠቃሚ እንደሚሆን፣ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከፀሐይና ከመሳሰለው ኃይል እንደሚያገኝ ቃል ተገብቶ ነበር። ያ ዓመት መጥቶ ሄደ። ከሕዝቡ ግማሽ ገደማው አሁንም ጨለማ ውስጥ ነው። ስለ ግድቡ ምረቃ የተነገረውን ያህል ስለዚህ ቃል መቅረት የተናገረ ባለሥልጣን እኔ አልሰማሁም። ምክንያቱ አይገባኝም አልልም፤ ይገባኛል። ማመንጨት ይታያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ሪባን ይቆረጣል። ማከፋፈል ግን በየቀበሌው የሚጎተት፣ አቧራ የሚያስነሣ፣ የማያልቅ ሥራ ነው። በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው ኮርፖሬሽን ለሁለት ሲከፈል ማመንጨቱና ከፍተኛው መስመር ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ወደ ደንበኛው ማድረሱ ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደረሰ። ኃይል ያመነጨው «እኔ አመንጭቻለሁ» ሲል፣ የሚያከፋፍለው «ዕቃ የለኝም» ሲል፣ ውሃ ቢሮው «ኤሌክትሪክ የእኔ ሥራ አይደለም» ሲል ጎብዬ ላይ ሽንኩርት ይደርቃል። በሪፖርቱ ግን የሽንኩርቱ ገዳይ የአየር ንብረት ለውጥ ተብሎ ይመዘገባል።

የፓምፕ ቤት አይቶ ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ልዘርዝር። ከብሎኬት የተሠራች፣ ቆርቆሮ የለበሰች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ላይ ባለው የብረት ሣጥን ሦስት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ ለሦስቱ ፌዞች። ሦስቱም ሲበሩ ኦፕሬተሩ ያስነሣል፤ ከመሬት በታች ያለው ሞተር ያጉረመርማል፣ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ደፍራሽ፣ ከዚያ ጥርት ያለ ውሃ ይወጣል። አንዱ መብራት ከጠፋ ግን ጣጣ ነው። ሞተሩ በሁለት ፌዝ እየታገለ ይግላል፤ መከላከያው ካልሠራ ይቃጠላል። ኃይሉ ወርዶ ሲመጣም እንደዚያው ነው። የተቃጠለውን ሞተር ከጉድጓዱ ለማውጣት ክሬን ይፈለጋል፤ ለማስጠቅለል ወደ ደሴ ወይም ወደ ኮምቦልቻ ይጫናል፤ የሚከፈለው ከማኅበሩ አባላት በሚዋጣ ገንዘብ ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ማሳ ላይ ያለው ሽንኩርት አይጠብቅም። በቆላ ሙቀት ሁለት ተራ ውሃ ያመለጠው ሽንኩርት ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ ይሆናል፣ ራሱ ሳይሞላ ይቀራል፣ ነጋዴው ገና ሲያየው ዋጋውን ይጥላል። ማሽላም ራሱን ሊያወጣ ሲል፣ መስከረም ላይ፣ አንዴ ወይም ሁለቴ ቢጠጣ የዓመት ቀለብ ይሆናል፤ ካጣ አገዳ ብቻ ነው።

ኮረንቲ ያጣው ገበሬ ናፍጣ ይገዛል። ጥልቀት ከሌለው ጉድጓድ ወይም ከወንዙ ዳር በትንሽ ሞተር ይስባል። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን እያነሣ ዋጋውን ጨምሯል፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ናፍጣ በጀሪካን፣ በስውር፣ ሻጩ በተመነው ዋጋ ነው የሚገኘው። «ገበሬው የኤሌክትሪክ ሒሳብ አይከፍልም፣ ስለዚህ መስመሩ አያዋጣም» የሚሉ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ። የራያ ገበሬ ዛሬም ለውሃው ኃይል ይከፍላል፤ ያውም ለባሰው፣ ለሚያጨሰው፣ ለውድ ኃይል። ርካሹንና ንጹሑን የከለከልነው እኛ ነን። በጥር 2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተወሰነ፤ በመርሑ እደግፈዋለሁ። ሆኖም አዲስ አበባ ላይ ከናፍጣ ለመላቀቅ የቸኮለ መንግሥት ቆቦ ላይ ገበሬውን ከናፍጣ ሞተር ለማላቀቅ ለምን እንደማይቸኩል የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። መኪናው ከተማ ያጌጥበታል፤ ፓምፑ እህል ያወጣል።

እዚህ ላይ «ጦርነቱስ?» ይባላል። ልክ ነው፤ እኔም የምለው እርሱን ነው። ራያ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የጦር ሜዳ ነበር። ሰው በገዛ ቤቱ ተገድሏል፤ ፓምፕ ተነቅሏል፣ ትራንስፎርመር ተመቷል፣ የመዳብ ሽቦ ተዘርፏል፣ ወራት በጨለማ አልፈዋል። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም የፈነዳው በዚሁ በቆቦ ግንባር ነው፤ ማሽላው ራስ ሊያወጣ በተቃረበበት፣ ጎርፍ በሚጠለፍበት ሰሞን። በፕሪቶሪያ ስምምነት ያ ጦርነት ሲቆም ዓመት ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ሌላ ጦርነት ቀጠለ። የመስመር ጥገና ሠራተኛ በሁለት ታጣቂ መሐል ምሰሶ ላይ አይወጣም። ባንክ የተዘጋበት ገበሬ የዘር ብድር አያገኝም። ይህን ሁሉ ሰማይ አላደረገውም። የመከላከያ ሠራዊቱ፣ ሕወሓት፣ ፋኖ፣ የሁሉም አዛዦች የሚጠየቁበት ነው። ጦርነት ያደረቀውን ማሳ «በአየር ንብረት ለውጥ የተጎዳ» ብሎ መመዝገብ ለገዳዩ ስም መሸሸጊያ መስጠት ነው።

ስለ ኃይል ሲወራ ሁልጊዜ የሚረሳው ደግሞ ጓዳው ነው። በኢትዮጵያ ከምንጠቀምበት ኃይል ከአሥር ዘጠኝ እጅ ገደማው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእህል ተረፈ ምርት ነው። ራያ ቆላ ላይ ይህ ማለት የማሽላ አገዳ ማለት ነው። አገዳው የከብትና የግመል መኖ ነው፤ አጥር ነው፤ ጣሪያ ነው። እናት እንጀራ ልትጋግር ስትነሣ ያንኑ አገዳ ከከብቱ አፍ ነጥቃ ምድጃ ውስጥ ትማግደዋለች። ጭሱ ዐይኗንና ሳንባዋን ይጎዳል፤ ኩበቱ ሲነድ መሬቱ ፍግ ያጣል፤ ፍግ ያጣ መሬት ውሃ አይዝም፤ ውሃ ያልያዘ መሬት በመጠነኛ የዝናብ መቆራረጥ ይደርቃል። «ድርቅን መቋቋም» የሚባለው ነገር ከኤሌክትሪክ ምጣድ እንደሚጀምር ሴቶቹ ያውቃሉ። ውሳኔ የሚሰጥበት ስብሰባ ላይ ግን ብዙ ጊዜ እነርሱ የሉም።

ታሪካችንም ይህን ሰበብ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት መጀመሪያ ደበቀው፤ መደበቅ ሲያቅተው ዝናብን ከሰሰ። በ1977 ዓ.ም. ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በመስከረም በድምቀት ሲያከብር ከአላማጣ በላይ ባለችው ኮረም ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፤ ያኔም ተከሳሹ ድርቅ ነበር። ጦርነቱን፣ የግዳጅ ኮታውን፣ የተዘጋውን መንገድ የሚያነሣ አልነበረም። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም የወሎን ገጠር ዞረው ያጠኑ የጂኦግራፊ ሰው ነበሩ፤ ደጋግመው የተከራከሩት ረሃብን የሚወልደው ገበሬውን አራቁቶ ያስቀረው ሥርዓት እንጂ የዝናብ መቅረት ብቻውን እንዳልሆነ ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በአውሮፓውያኑ 1981 ባሳተመው መጽሐፍ የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ሲመረምር በአገር ደረጃ የምግብ ምርቱ ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ ወሎ እየተራበ እህል ከወሎ ይወጣ እንደነበር አሳይቷል። ገበሬው የሞተው መግዣ ስላልነበረው ነው። ይህ ሁሉ ከተጻፈ አርባ ዓመት አልፎ እኛ ዛሬም ወደ ሰማይ እንጠቁማለን። ልዩነቱ ንጉሡና ደርግ «ዝናብ ጠፋ» ሲሉ የዛሬዎቹ ሳይንሳዊ ስም መጨመራቸው ነው።

የሰው እጅ ሲሠራ ሰማዩ ያው ሆኖ ውጤቱ እንደሚለወጥ ማስረጃው በዚሁ በጎብዬ ስም የተጠራ ነው። አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የማሽላውን ሥር እየጠባ ማሳ ባዶ ያስቀር ነበር። በፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ ምርምር የተገኙ፣ አቀንጭራን የሚቋቋሙ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች ለኢትዮጵያ ገበሬ ሲለቀቁ አንደኛው «ጎብዬ»፣ ሌላኛው «አብሽር» ተባሉ። ፕሮፌሰሩ በአውሮፓውያኑ 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚህ መሰል ሥራቸው ነው። ዘሩ ተገኘ። ዘሩን የሚያጠጣ ኃይል ግን ዘሩን ካገኘው ሰው አይጠበቅም።

ከባዱ ተቃውሞ የከርሰ ምድር ውሃው ያልቃል የሚለው ነው። ይህን በቀላሉ የሚመልስ ሰው አታላይ ነው። ሁሉም እንደፈለገ ከሳበ የውሃው ወለል ይወርዳል፤ መጀመሪያ የሚደርቀው ጥልቅ ማስቆፈር የማይችለው የድሃው ጉድጓድ ይሆናል። መፍትሔው ግን ፓምፑን ዝም ማሰኘት ሊሆን አይችልም። በየጉድጓዱ ቆጣሪ ይተከል፤ የወለሉ ከፍታ በየወሩ ይለካ፤ ልኬቱ ለገበሬው ይነገር፤ ማከፋፈሉን የሚዳኝ የውሃ አባት ሕጋዊ ሥልጣን ይሰጠው። ከሁሉ በላይ ጎሊናና ሆርማት ይዘውት የሚሄዱት ጎርፍ በሸለቆው ውስጥ ተበትኖ ወደ ምድር እንዲሰርግ ይደረግ። ተራራ መከለልና ችግኝ መትከል ዋጋ የሚኖረውም በዚህ ነው፤ በአንድ ጀንበር ስንት መቶ ሚሊዮን ተተከለ ከማለት ይልቅ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ጸደቀ፣ ከሥሩ ያለው ምንጭስ ጨመረ ወይ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ደግሞም በናፍጣ እየተሳበ ያለውን ውሃ የሚቆጥረው የለም፤ በኤሌክትሪክ የሚሳበው ቢያንስ በቆጣሪ ይታወቃል።

ሌላው «ኃይሉ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ምንዛሪ ያመጣል» የሚለው ነው። ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ መሸጣችንን አልቃወምም። ለቢትኮይን ቆፋሪዎች መሸጡንም ቢሆን «ከጎብዬ ቀምታችሁ ነው» አልልም፤ እነርሱ ከከፍተኛው መስመር በቀጥታ ይወስዳሉ፣ ጎብዬን የጎደላት ደግሞ ከዚያ ወደ ታች የሚያወርደው መስመር ነው። ጥያቄዬ ገንዘቡ ላይ ነው። ከዚህ ሽያጭ ከገባው ምንዛሪ ስንቱ ወደ ትራንስፎርመር ተለወጠ? ስንቱ ሰሜን ወሎ ደረሰ? ለኮምፒውተር መጋዘን መስመር መዘርጋት የቻለ ተቋም ለእህል ማሳ መዘርጋት አቃተኝ ካለ ችግሩ የቅደም ተከተል ነው፤ ቅደም ተከተልን ደግሞ ሰው ነው የሚወስነው።

ዋናው መስመር እስኪደርስ መጠበቅም ግድ አይደለም። ራያ ቆላ ላይ ፀሐይ አትጠፋም። ፀሐዩ ሲበረታ ማሳው ውሃ ይሻል፤ የፀሐይ ፓምፕም በዚያው ሰዓት ነው ይበልጥ የሚሠራው። ባትሪ ሳይፈልግ ቀን ስቦ በገንዳ ማጠራቀም ይቻላል። መጠነኛ ጥልቀት ላላቸው ጉድጓዶች ይህ ዛሬ የሚሠራ ነገር ነው። የካርቦን ገንዘብ፣ የአየር ንብረት ፈንድ እየተባለ በየጉባኤው የሚጠየቀው ብር እዚህ ላይ ቢውል ተቃውሞ የለኝም፤ እንዲያውም ለዚህ ነው መጠየቅ ያለበት። በሆቴል አዳራሽ ሥልጠና፣ በአማካሪ ደመወዝና በመኪና ግዥ ካለቀ ግን ሀብታሞቹ አገሮች ለበደሉት ገበሬ ምንም አልደረሰውም።

በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሠላሳ ሁለተኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ ታስተናግዳለች። የዓለም መሪዎች ይመጣሉ፤ ስለ ግድቡ፣ ስለ ችግኙ፣ ስለ ኤሌክትሪክ መኪናው ይነገራቸዋል። የተነገረው እውነት ይሆናል፤ ሙሉ ግን አይሆንም። ከዚያ በፊት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ ለክልሉ መስኖ ቢሮና ለቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አንድ ጥያቄ አለኝ። በሸለቆው ውስጥ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ስም ዝርዝር ይውጣ። እያንዳንዱ ዛሬ ይሠራል ወይስ አይሠራም? የማይሠራው የጎደለው ሞተር ነው፣ ትራንስፎርመር ነው ወይስ መስመር? በማን ኃላፊነት፣ መቼ ይጠገናል? ዝርዝሩ በአማርኛ ተጽፎ በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በየሦስት ወሩም ይታደስ። አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው ጊዜ «በአየር ንብረት ለውጥ ምክንያት» የሚል ሪፖርት ከራያ ሲመጣ ይህ ዝርዝር አብሮ መቅረቡን ጠይቅ፤ ካልቀረበ ሪፖርቱን አትቀበል።